የመሃከለኛ ጆሮ መገጣጠሚያዎችና ጅማቶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጉልበትና ክርን መገጣጠሚያ እንዳላቸው የማያውቅ የለም። ጆሮ ውስጥም መገጣጠሚያና ጅማት አለ ሲባል ግን ብዙ ሰው ይገረማል። የሕክምና ተማሪም ቢሆን የሦስቱን አጥንቶች ስም ይሸመድድና የተያያዙበትን ነገር በጥድፊያ ያልፈዋል። ድምፅ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ የሚያደርጉ በርካታ ችግሮች የሚነሱት ግን እዚያው ማያያዣው ላይ ነው፤ ወይ ከልክ በላይ ይጠብቃል፣ ወይ ይላላል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ከሕመምተኞችም ከተማሪዎችም የሚነሱ ናቸው።

ጆሮ ውስጥ ስንት መገጣጠሚያ አለ?

በእያንዳንዱ ጆሮ 3። ከጆሮ ታምቡር ጀርባ አየር የሞላበት ጠባብ ክፍል አለ፤ መሃከለኛ ጆሮ የሚባለው እሱ ነው። በውስጡ 3 ጥቃቅን አጥንቶች ከታምቡሩ ጀምረው እስከ ውስጠኛው ጆሮ መግቢያ ድረስ ተቀጣጥለዋል። የመጀመሪያው መዶሻ ነው፤ ሐኪሞች ማሌየስ ይሉታል፤ እጀታው ታምቡሩ ላይ ተጣብቋል። ሁለተኛው መስፍ ወይም ኢንከስ ነው፤ ስሙን ያገኘው ቀጥቃጭ ብረቱን አሳርፎ ከሚመታበት መስፍ ነው። ሦስተኛው እርካብ፣ በሕክምና ስሙ ስቴፒስ፤ ቅርጹ የኮርቻ እርካብ ራሱ ነው።

የመጀመሪያው መገጣጠሚያ የመዶሻው ራስና የመስፉ አካል የሚገናኙበት ነው። ፊቱ እንደ ኮርቻ የጎበጠ ሲሆን እንደ ጉልበት ሁሉ ለስላሳ አጥንት የለበሰ፣ በከረጢት የተሸፈነና ማለስለሻ ፈሳሽ ያለው ነው። ሁለተኛው የመስፉ ረጅም እግር ጫፍ የእርካቡን ራስ የሚነካበት ነው። የመስፉ ጫፍ እንደ ምስር ክብ ብሎ ያበጠ ነው፤ የእርካቡ ራስ ደግሞ ትንሽ ጎድጎድ ይላል፤ ስለዚህ ኳስ በጽዋ እንደተቀመጠ ይሆናል። ይህም ከረጢትና ፈሳሽ አለው። ሦስተኛው ከሁለቱ ይለያል። የእርካቡ መርገጫ ሞላላ መስኮት በሚባለው ቀዳዳ ውስጥ ተሰክቶ ዙሪያውን በጅማት ተይዟል እንጂ ፈሳሽ የያዘ ክፍተት የለውም።

ስለ መጠናቸው ለማሰብ ያህል፦ መዶሻው ርዝመቱ 8 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 25 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። እርካቡ ከፍታው 3 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱም 3 ሚሊ ግራም ያህል ነው። አንድ የጤፍ ፍሬ ወደ 0.3 ሚሊ ግራም ስለሚመዝን፣ በሰው አካል ውስጥ ካሉት አጥንቶች ሁሉ ትንሹ የሆነው እርካብ 10 የጤፍ ፍሬ ቢመዝን ነው። ይህን ያህል ደቂቅ በመሆኑ ነው ለብዙ ዘመን ሳይታይ የቀረው። መዶሻውና መስፉ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሲታወቁ፣ እርካቡ በናፖሊ፣ ጣሊያን፣ በሐኪሙ ጆቫኒ ፊሊፖ ኢንግራሲያ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1546 ነው።

አጥንቶቹ አየር ውስጥ ናቸው ከተባለ በምን ተንጠልጥለው ነው?

በጅማቶችና በሁለት ጡንቻዎች ነው። በመማሪያ መጻሕፍት ዘንድ የጅማቶቹ ቁጥር ይለያያል፤ ምክንያቱም አንዳንዱ እውነተኛ ጅማት ሲሆን አንዳንዱ ክፍሉን የለበሰው ስስ ሽፋን እጥፋት ብቻ ነው። በብዛት የሚቆጠሩት 6 ናቸው።

መዶሻው 3 አለው። የፊት ጅማቱ ከመዶሻው አንገት ተነስቶ ወደ ክፍሉ የፊት ግድግዳ ይሄድና በጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ከሁሉም ጠንካራው ይህ ነው። የላይኛው ጅማት ከመዶሻው ራስ ወደ ክፍሉ ጣሪያ የሚወጣ ቀጭን ክር ነው። የጎን ጅማቱ አጭርና እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ሲሆን አንገቱን ከታምቡሩ በላይ ካለው የአጥንት ጠርዝ ጋር ያስረዋል። ከዚህ ጅማት በታች፣ በመዶሻው አንገትና በታምቡሩ ላላ ባለው የላይኛ ክፍል መካከል፣ የፕሩሳክ ክፍተት የምትባል ትንሽ ኪስ አለች። ኮሌስቲያቶማ የሚባለው አጥንት የሚበላ የቆዳ ክምችት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚች ላይ ስለሆነ፣ ጆሮ በመሣሪያ ሲታይ የታምቡሩን የላይኛ ጫፍ ሳያዩ መጨረስ ትልቅ ስህተት ነው።

መስፉ 2 አለው። የኋላ ጅማቱ የመስፉን አጭር እግር በኋላ ግድግዳ ባለች ጎድጓዳ ቦታ ላይ ያስቀምጠዋል። ከላይ ወደ ጣሪያው የሚሄደው ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የሽፋን እጥፋት ነው፤ ብዙም አይመካበትም። ስድስተኛው የእርካቡ ቀለበታማ ጅማት ነው፤ ለእሱ ራሱን የቻለ መልስ ያስፈልገዋል።

ከስድስቱ ሁለቱን በደንብ ማወቅ ሌላውን ይከፍታል፤ እነሱም የመዶሻው የፊት ጅማትና የመስፉ የኋላ ጅማት ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው በሐሳብ መስመር ቢሰመር፣ መዶሻውና መስፉ ሲወዛወዙ የሚዞሩት በዚያ መስመር ላይ ነው። የበር ማጠፊያ ማለት ነው። ከመስመሩ በላይ የመዶሻው ራስና የመስፉ ወፍራም አካል አሉ፤ ከታች ደግሞ የመዶሻው እጀታና የመስፉ ረጅም እግር። የላዩ ክብደት ከታቹ ጋር ስለሚመጣጠን ጅማቶቹ ጭነት ተሸክመው አይኖሩም፤ ትንሽ ድምፅም ቢሆን በቀላሉ ያወዛውዛቸዋል። ጤነኛ ጆሮ ሊሰማ የሚችለው እጅግ ደካማ ድምፅ ታምቡሩን የሚያንቀሳቅሰው ከሃይድሮጂን አቶም ስፋት ባነሰ ርቀት ነው።

አንድ አጥንት አይበቃም ነበር?

ወፎች ባንድ አጥንት ይሰማሉ። የጡት አጥቢዎች ግን ሦስት ነው። ሥራው ግን ያው ነው፦ በአየር የመጣውን ድምፅ ፈሳሽ ለሞላው ውስጠኛ ጆሮ ማስረከብ። ድምፅ ከአየር በቀጥታ ፈሳሽ ላይ ቢያርፍ 99.9 በመቶው ኃይሉ ተመልሶ ይነጥራል። የታምቡሩ የሚሠራው ስፋት 55 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የእርካቡ መርገጫ ደግሞ 3.2 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰፊው ላይ ያረፈው ግፊት ጠባቡ ላይ ሲሰበሰብ 17 እጥፍ ይሆናል። የመዶሻው እጀታ ከመስፉ እግር ስለሚረዝም ደግሞ 1.3 እጥፍ ይጨመራል። ሁለቱ ሲባዙ 22 እጥፍ፣ ማለትም በድምፅ ብርታት መለኪያ ወደ 27 ዴሲቤል ይመጣል።

የመገጣጠሚያዎቹ ጥቅም ደግሞ በሚቀጥለው ጥያቄ ይታያል።

ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ጆሮ ሲደፈን መገጣጠሚያዎቹ ምን ይሆናሉ?

ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ድረስ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ። ሲወረድ የውጭው አየር ግፊት ይጨምራል፤ በመሃከለኛው ጆሮ ያለው አየር ግን ጆሮውን ከአፍንጫ ጀርባ ጋር የሚያገናኘው ዩስታኪያን ቱቦ እስኪከፈት ድረስ በደጋው ግፊት ይቆያል። ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ መዶሻውንም ይዞት ይገባል። የመዶሻው እጀታ ወደ ውስጥ የሚሄደው እስከ አንድ ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ሊሆን ይችላል፤ ለጆሮ ይህ ትልቅ ርቀት ነው። አጥንቶቹ አንድ ወጥ ዘንግ ቢሆኑ ኖሮ እርካቡ በዚያው ልክ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ተሰክቶ ጉዳት ያደርስ ነበር።

የሚያድኑት መገጣጠሚያዎቹ ናቸው። የመዶሻውና የመስፉ ኮርቻ መሰል ገጾች አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ፤ መስፉም በእርካቡ ራስ ላይ ወደ ጎን ሸርተት ይላል። እርካቡ ዘንድ የሚደርሰው በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚቆጠር ብቻ ነው። በተራ ንግግር ጊዜ ሁለቱ አጥንቶች አንድ ላይ እንደተጣበቁ ሆነው ይንቀሳቀሳሉ ማለት ይቻላል፤ የሚንሸራተቱት ግፊቱ ሲበረታ ነው፤ በማስነጠስም፣ አፍንጫ ተይዞ በመንፋትም ጊዜ እንዲሁ ነው።

በመንገድ ላይ የሚረዳው መዋጥ፣ ማዛጋት፣ ማስቲካ ማኘክ ነው። አፍንጫ ይዞ መንፋት ካስፈለገ ቀስ ብሎ፣ ገና መደፈን ሲጀምር ይሁን፤ ሕመም እስኪመጣ ጠብቆ በኃይል መንፋት ውስጠኛውን ጆሮ ሊጎዳ ይችላል። ሕፃን ከሆነ በቁልቁለቱ ጊዜ ጡት ማጥባት ይበቃል።

ስውጥ ጆሮዬ ቀጭ ይላል። አጥንቶቹ ናቸው የሚጋጩት?

አይደለም። ቀጭ የሚለው ተጣብቆ የነበረው የዩስታኪያን ቱቦ ግድግዳ ሲለያይ ነው። ጤነኛ ድምፅ ነው።

ጡንቻዎቹስ? ጅማታቸው ከሌሎቹ ጅማቶች በምን ይለያል?

በአማርኛ ሁለቱንም ጅማት ስለምንል ይምታታል። አጥንትን ከአጥንት የሚያስረው አንድ ነገር ነው፤ ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው ሌላ ነው። መሃከለኛ ጆሮ ውስጥ ሁለተኛው ዓይነት 2 ብቻ ነው ያለው። አንዱ የታምቡር ወጣሪ ጡንቻ ነው፤ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው የአጥንት ቦይ ውስጥ ተኝቶ ጅማቱ ማንኪያ በመሰለች የአጥንት ጠርዝ ላይ ዞሮ መዶሻው ላይ ይያያዛል፤ ሲኮማተር ታምቡሩን ወደ ውስጥ ይወጥራል። ነርቩ ከአምስተኛው የራስ ቅል ነርቭ፣ ከማኘኪያ ጡንቻዎች ጋር የሚመጣው ነው። ሌላው የእርካብ ጡንቻ ነው፤ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ ከአጥንት ጋር የተያያዙ ጡንቻዎች ሁሉ ትንሹ። ጅማቱ ከፒራሚድ መሰል ጉብታ ጫፍ ወጥቶ የእርካቡን ራስ ከኋላ ይይዛል። ነርቩ የፊት ነርቭ፣ ሰባተኛው ነው። ለዚህ ነው ፊቱ ባንድ ወገን ሽባ የሆነ ሰው በዚያው ወገን ድምፅ ሲበዛበት የሚያማርረው፤ እርካቡን የሚይዝለት ልጓም ላልቷል።

ከ70 እስከ 100 ዴሲቤል በሚደርስ ድምፅ የእርካቡ ጡንቻ በራሱ ይኮማተርና እርካቡን ያጠብቀዋል። ለመኮማተር ግን ጥቂት አሥር ሚሊ ሰከንዶች ይፈጅበታል። ጥይትና ርችት ከዚያ በፊት ገብተው ያልቃሉ፤ ስለዚህ ጆሮ ራሱን ይከላከላል ብሎ መከላከያ ሳያደርጉ መተኮስም ሆነ በመፍጫ ማሽን አጠገብ ቀኑን ሙሉ መዋል አያዋጣም።

መስፉ ላይ የሚያያዝ ጡንቻ የለም። ይህን ያዙት፤ ወደኋላ ይጠቅማል።

የእርካቡ ቀለበታማ ጅማት ልዩ የሚሆነው በምንድን ነው?

የእርካቡ መርገጫ 3 ሚሊ ሜትር በ1.4 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ሞላላ፣ ስስ ቁራጭ ነው። ጠርዙ በስስ ለስላሳ አጥንት ተለብጧል፤ ፊት ለፊቱ ያለው የመስኮቱ ጠርዝም እንዲሁ። በሁለቱ መካከል እንደ ጎማ የሚለጠጡ ክሮች ተዘርግተዋል፤ ስፋታቸው የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ፣ በአንዳንድ ቦታም ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ጅማቱ ከኋላ በኩል ጠባብ፣ ከፊት በኩል ሰፋ ያለ ነው፤ ስለዚህ መርገጫው ቀጥ ብሎ ገብቶ መውጣት ብቻ ሳይሆን የኋላ ጫፉን ተደግፎ እንደ በር ወለል ማለትም ይችላል።

ይህች ቀለበት ሁለት ተቃራኒ ሥራ ትሠራለች። መርገጫው እንዲንቀሳቀስ መፍቀድ አለባት፤ በዚያው ላይ የውስጠኛው ጆሮ ፈሳሽ ወደ መሃከለኛው ጆሮ እንዳይንጠባጠብ መድፈን አለባት። ስትበጠስ ፈሳሹ ያፈሳል፤ ሰውየው ያዞረዋል፣ መስማቱም ከፍ ዝቅ ይላል። ስትደርቅ ደግሞ ቀጥሎ ያለው በሽታ ይመጣል።

ኦቶስክሌሮሲስ የሚባለው ይህንን ጅማት ነው የሚያጠቃው?

የሚጀምረው ከአጥንቱ ነው፣ የሚጎዳው ግን ጅማቱን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከሞላላው መስኮት ፊት ለፊት ጠርዝ ላይ ያለው አጥንት ይለሰልስና እንደገና ይደድራል፤ አዲሱ አጥንት ቀለበቱን ተሻግሮ መርገጫውን ከመስኮቱ ጋር ያጣብቀዋል። ቀለበቷ ስትደድር መጀመሪያ የሚቀንሰው የወፍራም ድምፅ መስማት ነው። በአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ዘንድ በብዛት ይታያል፤ በአፍሪካውያን ዘንድ ብርቅ ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ ታምቡሩ ደህና ሆኖ መስማቱ የቀነሰ ሰው ሲመጣ ይህንን ብቻ ማሰብ አይገባም፤ መዶሻው ከጣሪያው ጋር የተጣበቀበት ወይም ከድሮ ኢንፌክሽን የቀረ የኖራ ክምችት ጅማቱን ያደደረበት ሊሆን ይችላል።

ምልክቶቹ ለየት ይላሉ። ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል፣ የራሱ ድምፅ በአጥንት በኩል ጎልቶ ይሰማዋልና። በሚንጫጫ አውቶብስ ውስጥ ደግሞ ከጸጥታ ቦታ ይልቅ የተሻለ የሰማ ይመስለዋል።

መፍትሔው ሁለት ነው። የመስሚያ መሣሪያ በደንብ ይሠራል። ቀዶ ሕክምና ከተመረጠ የእርካቡ ቅስት፣ ማለትም ራሱና ሁለቱ እግሮቹ፣ ተነስቶ መርገጫው ላይ 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል ቀዳዳ ይበሳና 0.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፒስተን ይገባል፤ የፒስተኑ መንጠቆ የመስፉ ረጅም እግር ላይ ይታሰራል። እርካብን በሰው ሠራሽ መተካት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1956 ሐኪሙ ጆን ሺ በሜምፊስ፣ አሜሪካ፣ በቴፍሎን በሠራው ሥራ ነው። መንጠቆው ላላ ከተባለ ድምፁ ይንጫረራል፤ ከልክ በላይ ከጠበቀ ደግሞ የመስፉን እግር ደም አሳጥቶ ይበላዋል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ አፍንጫን በኃይል መናፈጥ፣ ከባድ ማንሳትና በአውሮፕላን መብረር ይከለከላል፤ ማስነጠስም አፍ ተከፍቶ ይሁን።

በአደጋ ጊዜ ቶሎ የሚለያየው የትኛው ነው?

የመስፉና የእርካቡ መገጣጠሚያ። ምክንያቱን አስቀድመን ብለነዋል። መዶሻው ታምቡሩ ላይ ተጣብቋል፣ ጡንቻም ይይዘዋል፤ እርካቡን ቀለበቱና ጡንቻው ይይዙታል። መስፉ ግን መሃል ላይ ያለ ምንም ጡንቻ የቆመ ከባድ አጥንት ነው። የመኪና አደጋ ወይም ከፎቅ መውደቅ ጭንቅላትን ሲያናውጥ ሁለቱ ጎረቤቶቹ ይቀራሉ፣ እሱ ይሄዳል።

ከባድ የጭንቅላት ምት የደረሰበት ሰው ጆሮው ደም ከቋጠረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አለመስማቱ የሚጠበቅ ነው፤ ደሙ ሲመጠጥ ይሻሻላል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ የመስማት ምርመራ ይደረግ። ከ2 ወይም 3 ወር በኋላም በአየርና በአጥንት በኩል በሚሰማው መካከል ከ30 ዴሲቤል በላይ ልዩነት ካለ አጥንቶቹ መለያየታቸውን መጠርጠር ነው። ወዲያው ሆስፒታል የሚያስኬዱት ደግሞ እነዚህ ናቸው፦ ዓለም ሲዞርበት፣ ፊቱ ሲጣመም፣ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ሲወርድ።

አንድ ሰው የማይጠብቀው ነገር አለ። ታምቡሩ ደህና ሆኖ ሰንሰለቱ ብቻ ሲበጠስ ኪሳራው እስከ 60 ዴሲቤል ይደርሳል፤ ታምቡሩም አጥንቶቹም ከሌሉበት ጆሮ ይብሳል። ምክንያቱ ታምቡሩ ያለ ሰንሰለት ሲቀር ድምፁን የሚያግድ ግድግዳ ስለሚሆን ነው።

ጆሮ በክብሪት እንጨት ማጽዳት እዚያ ድረስ ይደርሳል?

ይደርሳል። የጆሮ ቦይ በአዋቂ ሰው 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ክብሪት ከዚያ ይረዝማል። ከታምቡሩ የኋላ ላይኛ ሩብ በስተጀርባ የመስፉና የእርካቡ መገጣጠሚያ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ርቆ ይገኛል። ሰው ጆሮውን እየኮረኮረ ሳለ ክንዱን ሌላ ሰው ሲነካው፣ ወይም ልጅ እየሮጠ ሲጋጨው፣ የክብሪቱ፣ የፀጉር ፒኑ ወይም የጥጥ እንጨቱ ጫፍ ታምቡሩን በስቶ መገጣጠሚያውን ይመታል፤ ከባሰም እርካቡን ወደ ውስጠኛው ጆሮ ይሰካዋል።

ከዚያ በኋላ ብርቱ ማዞርና ማስመለስ ከመጣ ጉዳቱ ከታምቡር አልፏል። ዘይት፣ የጤና አዳም ጭማቂ፣ ማንኛውንም ጠብታ ጆሮ ውስጥ አያድርጉ፤ በተቀደደው በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። ጆሮው በንጹሕ ጨርቅ ከውጭ ይሸፈን፣ ሰውየው ራሱን ከፍ አድርጎ ይተኛ፣ በዚያው ቀን ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ይድረስ።

ለዓመታት የሚመግል ጆሮ አጥንቶቹን ይበላል?

አዎ፣ አገራችን ውስጥ የአጥንቶቹ ሰንሰለት እንዲቋረጥ የሚያደርገው ዋናው ነገር በአደጋ ሳይሆን በዚህ በኩል የሚመጣ ነው። ቀድሞ የሚሄደው የመስፉ ረጅም እግር ጫፍ ነው። ቀጭን ነው፣ የሚያገኘው ደም ጥቂት ነው፣ በመግልና በእብጠት ተከቦ ይኖራል። ከጫፉ ጀምሮ ይሳሳል፤ በመጨረሻ ከእርካቡ ራስ ጋር የሚያገናኘው የጠባሳ ክር ብቻ ይሆናል። ክሩ እስካለ ድረስ ድምፅ በመጠኑ ያልፋል፤ ስለዚህ «እሰማለሁ፣ ደህና ነኝ» ማለት አጥንቱ ደህና ነው ማለት አይደለም።

ጆሮው ከደረቀ በኋላ የታምቡሩ ቀዳዳ ሲደፈን ሰንሰለቱም አብሮ ይጠገናል። ክፍተቱ ትንሽ ከሆነ በአጥንት ሲሚንቶ ይሞላል። የመስፉ ቀሪ አካል ጤነኛ ከሆነ ተቀርጾ በመዶሻውና በእርካቡ መካከል ይገባል፤ ኮሌስቲያቶማ የነካው አጥንት ግን ተመልሶ አይገባም፣ በሽታውን ይዞ ሊመለስ ይችላልና። ካልሆነ የቲታኒየም ምትክ ይደረጋል፤ የእርካቡ ቅስት ካለ አጭሩ በራሱ ላይ ይቀመጣል፣ ከሌለ ረጅሙ መርገጫው ላይ ይቆማል። ቲታኒየም ታምቡሩን በቀጥታ ከነካ በጊዜ ብዛት በስቶት ስለሚወጣ ከጆሮ ቅጠል የተወሰደ ስስ ለስላሳ አጥንት በመካከል ይደረጋል። የአየርና የአጥንት ልዩነቱ ወደ 20 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በታች ከወረደ ሥራው ተሳክቷል ይባላል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በምላስ አንድ ወገን ብረት ብረት የሚል ጣዕም ከመጣ አይደንግጡ። የጣዕም ነርቭ በመዶሻውና በመስፉ ረጅም እግር መካከል ያልፋል፤ ሲሠራ ሊነካካ ወይም ሊለጠጥ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይሻላል።

ሐኪሙ ሳይከፍት የጠበቀውን ከላላው እንዴት ይለያል?

መጀመሪያ ቱኒንግ ፎርክ አለ፤ ሲመታ እየተርገበገበ የሚጮኽ ባለ ሁለት ጣት ብረት ነው፤ 512 ሄርዝ የሚለው። ከጆሮ ጀርባ አጥንት ላይ ሲቀመጥ ከጆሮ ፊት ለፊት ሲያዝ ይልቅ ጎልቶ ከተሰማ የማስተላለፍ ችግር አለ። ግንባር ላይ ሲቀመጥ ድምፁ ወደ ታመመው ጆሮ ያደላል። ይህንን ቤት ውስጥ መገመት ይቻላል፤ አፍን ገጥሞ «ምምም» ማለት ነው። ድምፁ ደካማ በሆነው ጆሮ ከጎላ ችግሩ ከማስተላለፊያው ነው፤ በጤነኛው ከጎላ ከነርቭ ሊሆን ስለሚችል፣ በተለይ በድንገት የመጣ ከሆነ፣ አንድ ቀን ማሳደር የለበትም።

እስከዚህ ድረስ ጠበቀም ላላም መልሱ አንድ ነው። የሚለያቸው ቲምፓኖሜትሪ ነው፤ የጆሮውን ቦይ ደፍኖ ግፊቱን ከፍ ዝቅ እያደረገ የታምቡሩን እሺታ ይለካል። ሰንሰለቱ ከተጣበቀ የሚወጣው ጉብታ ዝቅ ያለ ነው፤ ከተለያየ ጉብታው ከወረቀቱ አናት ያልፋል። የእርካቡ ጡንቻ ምላሽም አብሮ ይፈተሻል፤ መርገጫው የተጣበቀ ከሆነ አይገኝም። ሲቲ ስካን የመስፉን መንሸራተት በደንብ ያሳያል፤ ከላይ ሲታይ የመዶሻው ራስና የመስፉ አካል በኮን ላይ እንደተቀመጠ አይስክሬም ይመስላሉ፤ አይስክሬሙ ከኮኑ ከወረደ መገጣጠሚያው ተለያይቷል።

የመንጋጋ መገጣጠሚያዬ ያመኛል፤ ጆሮዬም ይጮኻል። ይገናኛሉ?

በአፈጣጠር ይገናኛሉ። በፅንስ ዘመን የታችኛው መንጋጋና የመዶሻው ራስ ባንድ ዘንግ ላይ የበቀሉ ናቸው። የመዶሻው የፊት ጅማት የሚገባበት ስንጥቅ ከመንጋጋው መገጣጠሚያ በስተጀርባ ይወጣል፤ ከመዶሻው ወደ መንጋጋው መገጣጠሚያ ዲስክ የሚሄዱ ክሮችም አሉ። በሬሳ ላይ ዲስኩ ሲጎተት በአንዳንዱ መዶሻው ሲንቀሳቀስ ታይቷል። ይሁን እንጂ የጆሮ ጩኸት ሁሉ በዚህ ይመጣል ማለት አይቻልም። ሲያኝኩ ወይም ጥርስ ሲነክሱ ጩኸቱ ከተለዋወጠ ጥርስ ሐኪምም ይየው።

ሪህና እርጅና እነዚህን መገጣጠሚያዎች ይይዛሉ?

ፈሳሽ ያላቸው ሁለቱ እንደማንኛውም መገጣጠሚያ ያረጃሉ፤ ለስላሳ አጥንታቸው ይሳሳል፣ ኖራ ይቋጥራል። ሩማቶይድ አርትራይተስም ሊነካቸው ይችላል። ሆኖም የሚያመጡት የመስማት ጉድለት ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። አባት እናት በሽምግልና ሲደነቁሩ ጥፋቱ የውስጠኛው ጆሮ ሕዋሳትና ነርቭ ነው። ለዚህም ነው ጆሮ በማሸት፣ በመጎተት ወይም በሚሞቅ ዘይት መገጣጠሚያውን «ማፍታታት» ትርጉም የሌለው፤ እጅም ዘይትም እዚያ አይደርስም።

በቤተ ሙከራ መገጣጠሚያዎቹን ሳይሰብሩ ማየት የሚቻለው እንዴት ነው?

ከላይ መግባት ይሻላል፤ በታምቡሩ በኩል የሄደ መዶሻውን ይዞ ይወጣል። ጆሮን በያዘው ቴምፖራል አጥንት የላይኛ ገጽ ላይ ጉብ ያለውን ቦታ ይፈልጉ፤ ከእሱ ወደ ፊትና ወደ ውጭ ያለው ስስ ጠፍጣፋ አጥንት የመሃከለኛው ጆሮ ጣሪያ ነው። በትንሽ ድሪል ወይም በጥርስ ሐኪም መፋቂያ እየቀረፉ ይክፈቱ፤ መሮ በመዶሻ አይምቱበት፣ ነውጡ ብቻውን መስፉን ይነቅለዋል። በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ሲያዩ ከስር የመዶሻው ክብ ራስና የመስፉ አካል ተደጋግፈው ይታያሉ፤ በመካከላቸው ያለችው ስስ መስመር የመጀመሪያው መገጣጠሚያ ናት። የመዶሻውን ራስ በመርፌ ጫፍ በቀስታ ገፋ ያድርጉ፤ እርካቡ ታች ሆኖ ሲነቃነቅ ያያሉ።

ለመለያየት ከመስፉና ከእርካቡ መገጣጠሚያ ይጀምሩ። ቢላዋው ከኋላ ወደ ፊት ይሂድ፤ የእርካቡ ጡንቻ ጅማት ከኋላ ስለሚይዘው እርካቡ አብሮ አይገፋም። ስለዚህ ያ ጅማት ከመገጣጠሚያው በኋላ ነው የሚቆረጠው። ቀጥሎ የመስፉን የኋላ ጅማት ቆርጠው መስፉን አዙረው ያውጡ። እርካቡን በጉጠት ከራሱ ይዞ መሳብ የተለመደ ስህተት ነው፤ ቀለበቱ ከሁለቱ ቀጫጭን እግሮች ይጠነክራል። በመርፌ ጫፍ ቀለበቱን ዙሪያውን ሳይለቅ የጎተተ ሰው እጁ ላይ የሚቀረው ቅስቱ ብቻ ነው፤ መርገጫው እዚያው መስኮቱ ላይ ነው።